ያውቁ ኖሯል? በሞርሲቶ አየር ላይ የሚቃረም ኃይል

ስልክዎ ከመጥራቱ አንድ ሁለት ሰከንድ ቀደም ብሎ አጠገቡ ያለው ቴፕ ወይም የድምፅ ማጉያ «ትትት-ትትት-ትርርር» ሲል ሰምተው ያውቃሉ? ሞርሲቶም ሆነ ሆሳዕና፣ ዱራሜም ሆነ አንጋጫ፣ ስብከት መሐል ይህ ድምፅ ሲሰማ ሰው ሁሉ እጁን ወደ ኪሱ ይሰዳል። ስልኩ ለታወሩ መልስ ሲሰጥ በሰከንድ 217 ጊዜ ያህል ቦግ እልም የሚል የሬዲዮ ሞገድ ይለቃል። የማጉያው ሽቦ ሳይታሰብ አንቴና ሆኖ ይቀበለዋል፤ ማጉያው ውስጥ ያለችው ትራንዚስተር ደግሞ ሞገዱን ወደ ኮረንቲ ትለውጠዋለች። ስፒከሩ የሚያሰማን ያንን ኮረንቲ ነው። ማጉያው ማንም ሳይሰካለት ከአየር ላይ ጥቂት ኃይል ለቀመ ማለት ነው፤ የዛሬው ዓምዳችንም ስለዚሁ ለቀማ ነው።

በውጭ አገር ሰዎች ይህን ሥራ «ኃይል ማጨድ» ይሉታል። እኔ በአማርኛ ቃርሚያ ቢባል ይሻላል ባይ ነኝ። አጫጅ የዘራውን ያጭዳል፤ ቃራሚ ግን ባለ ማሳው አጭዶ ከሄደ በኋላ የወደቀውን ዛላ ይለቅማል፤ ሩት በቦዔዝ እርሻ ላይ እንዳደረገችው። የኔትወርክ ታወሩ ሞገዱን የሚረጨው ለስልክ ነው። ስልክዎ አንቴና ላይ የሚያርፈው ግን ከተረጨው እጅግ በጣም ጥቂቱ ነው። የቀረው በቆርቆሮው ጣራ፣ በእንሰቱ ቅጠል፣ በከብቱ ጀርባ ላይ አርፎ ይቀራል፤ ወይም ማንም ሳይነካው ወደ ሰማይ ያልፋል።

ታዲያ የወደቀው ዛላ ምን ያህል ነው? መለኪያው ማይክሮዋት ይባላል፤ የአንድ ዋት አንድ ሚሊዮንኛ ነው። በጤፍ እናስበው። አንድ ዋት ከሩብ ኪሎ ትንሽ ከፍ ያለ ጤፍ ቢሆን፣ አንድ ማይክሮዋት ከዚያ ውስጥ አንዲት የጤፍ ፍሬ ነች። ናኖዋት ደግሞ ያቺ አንዲት ፍሬ ተፈጭታ አንድ ሺህ ቦታ ስትከፈል የምትደርስዎት ብናኝ ነች።

እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ ተመራማሪዎች ጥናት ይህን ብናኝ ቆጥሮታል። ተመራማሪዎቹ በለንደን የምድር ውስጥ ባቡር 270 ጣቢያዎች ደጃፍ እየቆሙ በአየር ላይ ያለውን ሞገድ ለኩ። በ900 ሜጋኸርዝ ከሚሠራው የሞባይል ሞገድ በአማካይ ያገኙት በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር 36 ናኖዋት ነበር፤ በ1800 ሜጋኸርዝ ደግሞ 84 ናኖዋት። ከዋይፋይ ያገኙት አንድ ናኖዋት እንኳ አልሞላም። ያውም ሕዝብ በሚተራመስበት፣ ታወር በታወር ላይ በተደራረበበት በለንደን መሐል ነው።

ስለ ሞርሲቶስ? የሚሻ ወረዳ ዋና ከተማ እንደ ለንደን በታወር የተጨናነቀች አይደለችም፤ ሒሳቡን ግን በእጃችን መሥራት እንችላለን። አንድ ታወር ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያተኩር የ1000 ዋት ያህል ጉልበት አለው ብንል፣ አንድ ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኝ አንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው 80 ማይክሮዋት ገደማ ነው። ሁለት ኪሎ ሜትር ሲርቁ 20 ይሆናል እንጂ 40 አይሆንም። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ወደ ሩብ ይወርዳልና።

በገበያ ቀን የስልክ ቻርጅ የሚሸጥ ሱቅ ደጃፍ ቆመው ከሆነ ሥዕሉ ይመጣልዎታል። አንድ ጣውላ ላይ የተደረደሩ ሶኬቶች፣ በፕላስተር ስም የተጻፈባቸው ሠላሳ አርባ ስልኮች፣ ከገጠር ቀበሌ መጥቶ ስልኩ እስኪሞላ ጥላ ሥር የሚጠብቅ ሰው። ስለዚህ ቴክኖሎጂ ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠይቀውም ይታወቃል። «ስልኬን ይሞላልኛል ወይ?»

አይሞላም። ይህን በግልጽ መናገር የጸሐፊ ግዴታ ነው፤ በየጊዜው «ከአየር ላይ ቻርጅ የሚያደርግ» ዕቃ አለን የሚሉ ሻጮች ብቅ ይላሉና። የአንድ ተራ ዘመናዊ ስልክ ባትሪ 55 ሺህ ጁል ያህል ኃይል ይይዛል። ከአየር ላይ ያለማቋረጥ 60 ማይክሮዋት ቢያገኙ እንኳ ባትሪውን ለመሙላት 29 ዓመት ይፈጅብዎታል። ባትሪው ደግሞ ዝም ብሎ ተቀምጦ የሚያፈስሰው ከዚህ ይበልጣል። ገንዘብዎን ይያዙ።

በእኩለ ቀን አንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ የሚወርደው የፀሐይ ብርሃን 1000 ዋት ገደማ ነው። በለንደን ጎዳና ላይ ከተለካው የሞባይል ሞገድ ሁሉ ድምር ከሰባት መቶ ሺህ ጊዜ በላይ ይበልጣል። ለቤት መብራት፣ ለስልክ፣ ለሬዲዮ የሐዲያና የከምባታ ጣራ የሚያስፈልገው ሶላር ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

እንግዲያው ይህ ቃርሚያ ለምን ይጠቅማል? ሌሊት ይሠራል። ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ ጎተራ ውስጥ፣ ግድግዳ ውስጥ ይሠራል። ሰው ወጥቶ ባትሪ ሊቀይር በማይችልበት ቦታ ይሠራል። ብቻ ከኃይሉ የሚመገበው ዕቃ ጥቂት የሚበቃው መሆን አለበት። የተሳካላቸው መሐንዲሶች ብዙዎቹ የደከሙት ከአየር ብዙ ለመሰብሰብ ሳይሆን የዕቃውን ፍጆታ ለመቀነስ ነው፤ ከዚህ በታች ካሉት ታሪኮች ብዙዎቹ ወደዚሁ ይመራሉ።

እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ ሲያትል ከተማ አላንሰን ሳምፕልና ጆሹዋ ስሚዝ የተባሉ ተመራማሪዎች ተራ የቴሌቪዥን አንቴና አቁመው ከ4.1 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ወዳለው የቴሌቪዥን ማሰራጫ አዞሩት። 60 ማይክሮዋት አገኙ። በዚያችው ኃይል፣ ባትሪ ጨርሶ ሳይኖር፣ የክፍል ሙቀትና እርጥበት እየለካ ቁጥሩን በትንሽ ስክሪን ላይ የሚያሳይ መሣሪያ ሠራላቸው። የእጅ ሰዓት የሚፈልገው ከጥቂት ማይክሮዋት አይበልጥምና ነገሩ ያን ያህል አይግረምዎ።

ያለ ባትሪ መቀበል አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ አበባ በምትቆረቆርበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1887፣ ጀርመናዊው ሃይንሪክ ኸርትዝ የሬዲዮ ሞገድ በእርግጥ መኖሩን ያሳየበት መቀበያ ራሱ ባትሪ አልነበረውም። መቀበያው ጫፍና ጫፉ ሊነካካ ጥቂት የቀረው የታጠፈ ሽቦ ብቻ ነበር። ክፍሉ ማዶ ብልጭታ ሲፈነጥቅ በዚህ ሽቦ ጫፍ ላይም ደቃቅ ብልጭታ ታየች። ያቺ ብልጭታ የበራችው ከአየር ላይ በተለቀመ ኃይል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1895 ደግሞ ሕንዳዊው ጃጋዲሽ ቻንድራ ቦስ በኮልካታ ከተማ በሕዝብ ፊት በግድግዳ አሻግሮ በላከው ሞገድ ደወል አስደወለ፤ ባሩድ አፈነዳ። በኋላም ጋሌና የሚባለውን የእርሳስ ማዕድን ሞገድ መቀበያ አድርጎ ሠራ፤ የአሜሪካን የባለቤትነት መብትም በ1904 አገኘበት። የክሪስታል ሬዲዮ የመጣው በዚህ መንገድ ነው። አንድ ረጅም ሽቦ፣ አንድ ጥቅል ሽቦ፣ አንዲት ጠጠር የምታህል ማዕድን፣ ማዳመጫና መሬት የተቀበረ ብረት፤ ባትሪም ሶኬትም የለውም። የሚሰሙት ድምፅ ጉልበት በሙሉ የመጣው ከጣቢያው ማሰራጫ ነው። የሰው ጆሮ እጅግ ስሜተኛ ባይሆን ኖሮ ይህ ሬዲዮ አይሠራም ነበር።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኢጣሊያ አንዚዮ ግንባር ምሽግ ውስጥ የነበሩ ወታደሮች ማዕድኑን ሲያጡ በጢም መላጫ ምላጭና በእርሳስ ውስጠኛ ክፍል ተክተው ሙዚቃ ያዳምጡ ነበር። ምላጩ ላይ ያለው ዝገት መሰል ሽፋን የማዕድኑን ሥራ ይሠራል።

ወደ አገራችን እንምጣ። የኢትዮጵያ ሬዲዮ በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያ ከአቃቂ ተሰማ፤ በየካቲት 1955 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ ደግሞ ትልቅ ጉልበት ያወጣ ነበር። ብሥራተ ወንጌል እያንዳንዳቸው 100 ኪሎዋት የሆኑ ሁለት አጭር ሞገድ ማሰራጫዎች ነበሩት፤ በመጋቢት 1969 ዓ.ም. መንግሥት እስኪወርሰው ድረስ ድምፁ ከኢትዮጵያ አልፎ በብዙ አገር ይሰማ ነበር። ሞገዱ ሐዲያና ከምባታ ሲደርስ ግን ደክሞ ነው። ማጉላት ያስፈልጋል፤ ለማጉላት ደግሞ ድንጋይ ያስፈልጋል።

ድንጋይ ስል የሬዲዮውን ባትሪ ማለቴ ነው፤ የገጠሩ ሰው ሁሉ ስሙ ይህ ነው የሚለው። በልጅነቴ አባቴ ድንጋዩ ሲደክም አውጥቶ የሚያሰጣበት ጠፍጣፋ ድንጋይ ደጃችን ላይ ነበር። አራቱን ባትሪዎች ጎን ለጎን ያጋድማል፤ ፀሐይዋ ስትዞር እሱም ያዞራቸዋል፤ ዶሮ እንዳይነካቸው ታናሽ ወንድሜ ይጠብቃል። ማታ ሲመለሱ ሬዲዮው ለዜና ብቻ ይከፈታል። ዜናው እንዳለቀ አባቴ ማዞሪያውን ቀጭ አድርጎ ይዘጋዋል፤ ዘፈን ሊጀምር ሲል እንኳ አይታገሥም። ፀሐይዋ ባትሪውን ትሞላዋለች ብለን እናምን ነበር። እንደዚያ አይደለም። ሙቀቱ ባትሪው ውስጥ የቀረውን ኬሚካል ያነቃቃዋል፤ ሊወጣ የሰነፈውን ርዝራዥ ኃይል ያስወጣዋል፤ አዲስ ኃይል ግን አይጨምርም። ይሁን እንጂ አባቴ የእነዚያን አራት ድንጋዮች ዕድሜ ማስረዘሙ እውነት ነበር። ስለ ማይክሮዋት ሳነብ የሚታወሰኝ ያ ማዞሪያ ቀጭ ሲል ነው። እነዚያ የሲያትል መሐንዲሶችም የሚሠሩት ይህንኑ ነው፤ መሣሪያቸው አንድ ጊዜ ነቅቶ ይለካል፣ ይናገራል፣ ወዲያው ቀጭ ብሎ ይተኛል።

አንድ የእንጨት ቅርጽ ሰባት ዓመት ሙሉ አምባሳደርን ሲሰልል እንደኖረስ ያውቁ ኖሯል? እ.ኤ.አ. በ1945 የሶቪየት ሕፃናት በሞስኮ ለነበሩት የአሜሪካ አምባሳደር አቨረል ሃሪማን በእንጨት የተቀረጸ የአሜሪካ ማኅተም አበረከቱላቸው። አምባሳደሩ ግድግዳቸው ላይ ሰቀሉት። ውስጡ ሊዮን ቴርሚን የሠራው ማዳመጫ ነበር፤ ባትሪም የኃይል ሽቦም የለውም። ውጪ የቆሙ ሰዎች የሬዲዮ ሞገድ ሲልኩበት ይነቃል፤ በክፍሉ ውስጥ ያለው ንግግር ስስ ሽፋኑን ሲያንቀጠቅጠው የሚመለሰው ሞገድ አብሮ ይንቀጠቀጣል። ሞገዱ ሲቋረጥ ሞቶ እንጨት ይሆናል፤ ፈታሾች ቢፈልጉ የሚያገኙት ነገር የለም። የተገኘው በ1952 ነበር፤ ዓለም ያየው ደግሞ በ1960 የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ስብሰባ ላይ ነው።

የዚህ ዘዴ ምስጢር ለእኛ ሰፈር ልጆች አዲስ አይደለም። የመስታወት ስባሪ ይዞ የፀሐይ ጮራ ጓደኛው ዓይን ላይ የሚያበራ ልጅ የራሱ ብርሃን የለውም፤ የሌላውን ብርሃን መልሶ ነው የሚልከው። መስታወቱን ዞር ቀና ሲያደርግ ማዶ ያለው ልጅ ምልክቱን ያነባል። የሬዲዮ ሞገድ ማመንጨት ብዙ ኃይል ይበላል፤ በአየር ላይ ያለውን ሞገድ መልሶ ማንጸባረቅ ግን ምንም አይበላም ለማለት ይቻላል።

እ.ኤ.አ. በ2013 በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሽያም ጎላኮታና ጆሹዋ ስሚዝ ያሉበት ቡድን ሁለት ባትሪ አልባ መሣሪያዎችን በቴሌቪዥን ሞገድ ነጸብራቅ ብቻ እርስ በርሳቸው አነጋገራቸው። ከአራት ዓመት በኋላ የዚያው ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከዚህ የሚያስደንቅ ነገር ይዘው መጡ፤ ባትሪ የሌለው ስልክ። ሲነጋገሩበት የሚፈጀው 3.5 ማይክሮዋት ብቻ ነው፤ ሦስት ተኩል የጤፍ ፍሬ። ድምፅዎ ማይክሮፎኑን ሲያንቀጠቅጠው ያንኑ መንቀጥቀጥ በሞገድ ነጸብራቅ ላይ ይጭነዋል፤ ልክ እንደ ሞስኮው እንጨት። ለዚህ ሁሉ ልዩ ማሰራጫ አጠገቡ መኖር ነበረበት፤ የሠራውም እስከ ዘጠኝ ሜትር ተኩል ገደማ ርቀት ላይ ነው። ሱቅ ገብተው የሚገዙት ዕቃ አይደለም። ነገር ግን ስልክ የሚባል ነገር ያለ ባትሪ ሲያናግር ሰው ሰምቷል፤ ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ይህ ቴክኖሎጂ ምናልባት አሁን ኪስዎ ውስጥ እንዳለስ? አስጠግተው የሚጠቀሙበት የባንክ ካርድ ባትሪ የለውም። በካርዱ ዙሪያ የተጠቀለለች ቀጭን ሽቦ ከማሽኑ በ13.56 ሜጋኸርዝ የሚመጣውን ኃይል ትቀበላለች፤ ቺፑ ይነቃል፣ ያሰላል፣ ይመልሳል፣ ይተኛል። ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የኢትዮጵያ ኤሌክትሮኒክ ፓስፖርትም ውስጡ ያለው ቺፕ በዚሁ መንገድ ነው የሚበላው። ይህ በትክክል ቃርሚያ አይባልም፤ ማሽኑ ሆን ብሎ ያጎርሰዋል። ዘሩ ግን አንድ ነው።

የከብት ጆሮ ላይ የሚንጠለጠለው ኤሌክትሮኒክ ምልክትም ባትሪ የለውም፤ በ134.2 ኪሎኸርዝ የሚሠራ ማንበቢያ ሲጠጋው ቁጥሩን ይናገራል። በታላላቅ ማራቶኖች ላይ ሯጩ ጫማ ወይም ደረት ላይ ያለው የሰዓት ቺፕም እንዲሁ፤ የመጨረሻው መስመር ላይ የተነጠፈው ምንጣፍ ነው የሚቀሰቅሰው።

ሆን ብሎ ማጉረስ ከዚህም በላይ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1964 አሜሪካዊው ዊልያም ብራውን ከመሬት በተላከ ማይክሮዌቭ ብቻ የምትንቀሳቀስ ትንሽ ሄሊኮፕተር አስነሣ። 18 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ አሥር ሰዓት ቆየች። በ1975 ደግሞ እሱ ያለበት ቡድን በካሊፎርኒያ ጎልድስቶን አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ርቀት ላይ ከ30 ኪሎዋት በላይ ያለ ሽቦ አሻገረ። ስለዚህ «በአየር ኃይል መላክ አይቻልም» የሚል ሰው ካጋጠመዎት ተሳስቷል። የሚያስቸግረው ወጪውና ብክነቱ ነው።

ታዲያ ከታወር የሚመጣውን ለመልቀም ለምን ከበደ? ችግሩ በር ላይ ነው። ሞገዱ በሰከንድ በመቶ ሚሊዮኖች ጊዜ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ ነው፤ ኮረንቲ አድርገን ለማጠራቀም ወደ አንድ በኩል ብቻ የሚያሳልፍ በር ያስፈልገናል። ያ በር ዳዮድ ይባላል። እያንዳንዱ ዳዮድ ታዲያ ለመከፈት ጥቂት ግፊት ይፈልጋል። የጠነከረ ሞገድ በሩን ከፍቶ ያልፋል፤ ከሩቅ ደክሞ የመጣ ሞገድ ግን በሩ ላይ ተደግፎ ይቀራል፤ ከመቶ የሚያልፈው ጥቂት እጅ ብቻ ነው። ፍጆታ ከመቀነሱ ጎን ለጎን ሌሎች የዘርፉ ሰዎች ላባቸውን የሚያፈሱት ይህን በር ለማቅለል ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 የአሜሪካው ኤም አይ ቲ ተመራማሪዎች ውፍረቱ የሦስት አቶም ብቻ ከሆነ ሞሊብዴነም ዳይሰልፋይድ ከሚባል ነገር እንደ ወረቀት የሚተጣጠፍ በር ሠሩ። 150 ማይክሮዋት የሚሆን የዋይፋይ ሞገድ ሲያርፍበት 40 ማይክሮዋት ኮረንቲ ሰጣቸው። በ2021 ደግሞ የሲንጋፖርና የጃፓን ተመራማሪዎች ስምንት ደቃቅ ማግኔታዊ መሣሪያዎችን ደርድረው ከዋይፋይ ሞገድ ለአምስት ሰከንድ ኃይል አጠራቀሙ፤ በዚያች ኃይል አንዲት ትንሽ አምፖል ለአንድ ደቂቃ በራች።

ከበሩ ሌላ አንቴናውም አለ። የ900 ሜጋኸርዝ ሞገድ ለመያዝ ከስንዝር ያነሰ፣ 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ አንቴና ይበቃል። ለኤፍኤም አንድ ሜትር ተኩል ያስፈልጋል። የመካከለኛ ሞገድ ሬዲዮ የሞገድ ርዝመቱ በመቶዎች ሜትር ስለሚቆጠር ክሪስታል ሬዲዮ የነበራቸው አያቶች ሽቦ ከዛፍ ዛፍ ይዘረጉ ነበር።

ስለ ፍርሃቱም እናንሣ፤ «ታወሩ ይጎዳናል» የሚል ወሬ በየመንደሩ አለ። ዓለም አቀፉ የጨረር መከላከያ ኮሚሽን በ900 ሜጋኸርዝ ለሕዝብ የፈቀደው ወሰን በአንድ ካሬ ሜትር 4.5 ዋት ነው። የለንደኑ ልኬት ከዚህ ወሰን በ12 ሺህ 500 እጥፍ ያንሳል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል እ.ኤ.አ. በ2011 የሬዲዮ ሞገድን «ምናልባት ሊያስከትል ይችላል» በሚል መደብ ውስጥ አስገብቶታል፤ ጥናቱም ቀጥሏል። ይልቅ ሞገዱ የሚበረታው ከሩቁ ታወር ሳይሆን ጆሮዎ ላይ ከያዙት ስልክ ነው። ኔትወርክ ሲደክም ስልኩ ታወሩ ጋ ለመድረስ ጉልበቱን ይጨምራል፤ ዳገት ጥግ ወይም ሸለቆ ውስጥ ባትሪው ቶሎ የሚሞትብዎት ለዚሁ ነው።

አደገኛው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 እንግሊዛዊው ሪቻርድ ቦክስ በከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር ሥር ከ1300 በላይ የፍሎረሰንት አምፖሎችን መሬት ላይ ተከለ፤ ያለ ሽቦ በሩ። ይህን ሰምቶ በአካባቢያችን በሚያልፈው መስመር ሥር ሽቦ ለመዘርጋት የሚያስብ ወጣት ካለ፣ እባክህ አታድርገው። ያ የሬዲዮ ሞገድ አይደለም፤ ሰው የሚገድል ቮልቴጅ ነው።

 

አንድ ነገር ልመኝ። የስንዴ ጎተራ ውስጥ የሚቀመጥ፣ የእህሉን ሙቀትና እርጥበት የሚለካ፣ ባትሪ የማይፈልግ ቁራጭ መሣሪያ። እህል ሲሻግት ወይም ነቀዝ ሲበዛበት ይሞቃል፤ እማወራዋ እጇን እስከ ክርኗ አስገብታ የምትለየው ከረፈደ ነው። አንድ ማይክሮዋት ብቻ ቢለቀም በቀን 86 ሚሊጁል ይጠራቀማል። ሙቀት ለክቶ ቁጥሩን በብሉቱዝ ወደ ስልክ ለመላክ ከዚህ እጅግ ያነሰ ይበቃል። ደረቅ እህል ሞገድ ያሳልፋል። የቆጮ ጉድጓድ ግን አይመችም፤ እርጥብ ነገር ሞገድ ይውጣልና አንቴናው ከመሬት በላይ መውጣት ይኖርበታል። የሆሳዕናን የቀድሞ ስም የያዘው የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪካል ተማሪ ለመመረቂያ ሥራው ርዕስ ሲያጣ፣ መለኪያ ይዞ ሞርሲቶ ገበያ መሐል፣ ከዚያም ከታወሩ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ኪሎ ሜትር እየራቀ ቢለካልን እንዴት ደስ ባለኝ።



መጀመሪያ ላይ ያነሣነውን «ትትት» የሚል ድምፅ ዛሬ ማታ መፈተን ይቻላል። አራተኛው ትውልድ ኔትወርክ በተቆራረጠ ምት ስለማይሠራ ስልክዎን በቅንብሩ ወደ ሁለተኛው ትውልድ (ቱጂ) ይመልሱት። ሬዲዮዎን ከፍተው ጣቢያ በሌለበት ቦታ ያቁሙት፤ ስልኩን ከሬዲዮው አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ያኑሩት። ከዚያ ሌላ ክፍል ያለ ሰው ሚስኮል ያድርግልዎ። ስልኩ ከመጥራቱ በፊት ሬዲዮው ይነግርዎታል፤ ስልኩን ቀስ እያሉ ወደ ኋላ ሲያርቁት ደግሞ ድምፁ የሚጠፋበትን ቦታ በስንዝር መቁጠር ይችላሉ።